ግዝቱ የካቲት ላይ ተፈትቶ ነበር

ሞላሌ፣ ግንቦት 25 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ፤

እንደምን ከረምሽ? የናዝሬት ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ ልልሽ አሰብሁና እጄ እምቢ አለኝ። በአካሌ ምንም አልሆንሁም። በጎቹም ደህና ናቸው፤ ጠቃጠቆዋ መንታ ወልዳለች።

አያ ወዳጆ እናንተ ዘንድ ወርዶ የአባባን መርዶ ካረዳሽ በኋላ ይዞልን የመጣው ቃል እህል አላስቀምስ ብሎኛል። «አባባ በሚካኤል ገዝተውኛልና አፈራቸውን አልረግጥም፣ በሩቁ አለቅሳለሁ» አልሽ አሉ። ለቀብሩም ሳትመጪ፣ ለአርባውም ሳትመጪ ቀረሽ። ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሰው ጨካኝ ናት እያለ ሲያማሽ በጆሮዬ ሰማሁ። እኔም አብሬ ተቀምጬ ዝም አልሁ።

ያ ዝምታ ነው ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ። ግን በቀጥታ ልናገረው አልቻልሁም፤ እስቲ መጀመሪያ ስለ እሳቸው እናውራ። ከአንቺ ሌላ ከማን ጋር አወራለሁ?

እናታችን ስትሞት አንቺ ስምንት፣ እኔ አራት ዓመቴ ነበር። ሰዉ ሁሉ ሽማግሌ ብቻውን ልጅ አያሳድግም፣ ለዘመድ ያከፋፍሏቸው ሲላቸው፣ አባባ እግራቸውን ከሸማኔ ጉድጓዳቸው ሳያወጡ፣ በግ ነው የሚከፋፈል አሏቸው። ጸጉርሽን ትዝ ይልሻል? እትዬ አረጋሽን ከጎረቤት ጠርተው ሹሩባ ያሠሩሽና እሳቸው አጠገብሽ ቁጭ ብለው፣ «አንቺ ሴትዮ ቀስ በይ እንጂ፣ የባና መሥሪያ የበግ ጠጉር መሰለሽ እንዴ?» እያሉ ሲያስለቅሷት ይውላሉ። በመጨረሻ እትዬ አረጋሽ፣ በሉ ራስዎ ይሥሩላት ብላ ትታቸው ሄደች። ሠሩትም! ትምህርት ቤት ስትደርሺ ተፈትቶ አለቀ እንጂ።

ለብርድ ልብስ የሚሸምኑትን ባና ሲሸጡስ? ባልቴት ከመጣች በራሳቸው ረጅም ክንድ ይለኩላታል። ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ከሆነ እኔን ጠርተው በእኔ አጭር ክንድ ያስለኩታል። ነጋዴው ምነው አባት፣ ይሄ የሕፃን ክንድ አይደለም ወይ ሲላቸው፣ እግዜር የሠራው ክንድ ነው፣ አላጠረም አሉት። ዓመቱን ሙሉ ሲያስቀን ነበር።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው በሰማንያ ስምንት በራፋችን ላይ ቆመው ያን ቃል የተናገሩት። ለዘመሮው ሰው ሊድሩሽ በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥተው፣ አንቺ ደግሞ ትምህርቴን እጨርሳለሁ ብለሽ በአውቶቡስ ስትወጪ፣ ሽማግሌዎቹ እያዩዋቸው አፈሩ። «በሚካኤል ገዝቼሻለሁ፣ ብሞት አፈር እንዳታለብሺኝ» አሉ። አፋቸው ከልባቸው ቀደመ፣ እታለም። ያን ቀን ማታ እህል አልበሉም።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን አውቶቡስ ማቆሚያው ዘንድ ይሄዳሉ። የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ ቆመው ይጠብቁና ይመለሳሉ። ምን ይሠራሉ ሲባሉ፣ ጠጉር የሚያመጣልኝ ነጋዴ አለ ይላሉ። ጠጉር ከመንዝ ይወጣል እንጂ መቼ ወደ መንዝ ገብቶ ያውቃል! ሾፌሩ አፈወርቅ ነገሩን ያውቃልና፣ ገና ሳይጠይቁት፣ አባቴ፣ ዛሬም ነጋዴው ቀርቷል ይላቸው ነበር። ዓይናቸው ከደከመም በኋላ በትራቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር። እኔ ነበርሁ የምመራቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሲጠብቁ አጠገባቸው ቆምሁ።

አሁን ልናገር።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ የካቲት 18 ቀን፣ አባባ ታመው ስለነበር ሥጋ ወደሙ ልቀበል ብለው አባ ገብረ ክርስቶስን አስጠሩ። አባም የንስሐ አባት ናቸውና፣ የገዘቱትን ሳይፈቱ እንዴት ይቀርባሉ አሏቸው። አባባ እንደ ልጅ አለቀሱ። ፈታኋት፣ ከዛሬ ጀምሮ የተፈታች ናት አሉ። አባም መስቀላቸውን አንሥተው እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለው በሌለሽበት ፈቱሽ። ከዚያ አባባ ወደ እኔ ዞረው፣ ወረቀት አምጣና ጻፍላት አሉኝ።

እሳቸው እየተናገሩ ጻፍሁ። ግዝቱ መፈታቱን፣ ፈጥነሽ እንድትመጪ፣ ሁሉንም። ቀጥለው፣ «ከእናትሽ ወዲህ እንዳንቺ የወደድሁት ሰው የለም» በል አሉኝ። ይህንንም በገዛ እጄ ጻፍሁት። እታለም፣ አልጋቸውን የማነጥፍላቸው እኔ፣ በሌሊት ወደ ደጅ የማወጣቸው እኔ፣ ስለ እሳቸው ብዬ ደብረ ብርሃን ያገኘሁትን ሥራ የተውሁ እኔ! ከዚያ ወዲያ ያሉትን አልጻፍሁም። ብዕሩን ዝም ብዬ ያዝሁት። ዓይናቸው ባያይም ጆሮአቸው ንቁ ነው፤ ብዕሩ ዝም አለሳ፣ ቀለም አለቀ እንዴ አሉኝ። አላለቀም አልኋቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክሬ አስፈረምኋቸው።

ነገ እልከዋለሁ ብዬ ኪሴ ከተትሁት። ነገ መጣ፣ አልላክሁም። ሲጠይቁኝ ለአፈወርቅ ሰጥቼዋለሁ አልኋቸው። አንዴ ከዋሸሁ በኋላ ደግሞ መላኩ አስፈራኝ፤ ቀኑን አይታ ትጠይቀኛለች አልሁ። ውሸት እንዲህ ናት፣ ጎትታ ጎትታ ገደል አፋፍ ታደርስሻለች።

አባባ የመኪና ጥሩምባ በሰሙ ቁጥር «መጣች?» ይሉ ነበር። መንገድ ላይ ናት እላቸው ነበር። እኔን ብሎ ሰው! ለአንቺ ብለው የሸመኑትን ባና ከሣጥን አስወጥተው፣ ከቆላ ነው የምትመጣ፣ ይበርዳታል ብለው እግርጌያቸው አስቀመጡት። በመጨረሻው ሳምንት ግን መጠየቁን ተዉት። «በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ፤ አልቀየማትም» አሉ። እምቢ ያልሽ መስሏቸው ነው። ራስጌያቸው ቆሜ ነበር። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር። አንድ ቃል ብተነፍስ ኖሮ አያ ወዳጆ በማግስቱ ይዞሽ ይመጣ ነበር። አልተነፈስሁም። ሚያዝያ 3 ቀን ዐረፉ።

የአንቺ ቃል ሲሰማ ሰዉ፣ ደብዳቤው አልደረሳትም፣ አፈወርቅ ጥሎታል ብሎ ይወቅሰው ጀመር። አልሰጠኝም ብሎ ቢምል ማን ሰማው? ዛሬ ጠዋት አውቶቡሱ ዘንድ ሄጄ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ እውነቱን ተናገርሁ። ይመታኛል ብዬ ነበር። አልመታኝም፤ መሪውን እንደ ተደገፈ፣ በል ያንተን ጻፍ፣ አደርስልሃለሁ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ እሱ ነው።

የአባባን ደብዳቤ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ቀኑን ልፍቀው፣ የመጋቢት መጨረሻ ላድርገው ብዬ ምላጭ ሁሉ አንሥቼ ነበር። አልፋቅሁትም። አይተሽ ፍረጂ።

ያልጻፍሁትን ቃላቸውን ግን እዳ ነውና አሁን ልጻፈው። ለራሴ ብዬ የፈጠርሁት እንዳይመስልሽ፣ አባ ገብረ ክርስቶስ አጠገባችን ተቀምጠው ሰምተዋል፤ ስትመጪ ጠይቂያቸው። ያኔ ፍርፋሪ መስሎኝ ነበር የናቅሁት። እንዲህ ነበር ያሉት፦ «ወንድምሽን አደራ። ሳይነግሩት የሚሠራ፣ ሳያመሰግኑት የሚያድር ልጅ ነው። ምስጋናውን ያስቀረሁበት እኔ ነኝ። ቢበድልሽም ቻይው፤ ከእኔ ወዲያ ያለሽለት አንቺ ብቻ ነሽ።»

የሰማንያ ቀን ተዝካራቸው ሰኔ 22 ቀን ነው። የመቃብሩን ድንጋይ አላስደረደርሁም፤ አንቺ አፈር ሳታለብሺው አይዘጋም ብዬ ለግንበኛው ነግሬዋለሁ። እኔን ማየት ካስጠላሽ እኔ ዘመሮ ወርጄ እቆያለሁ፤ አንቺ ግን ነዪ። የተፈታሽ ነሽ።

ልጆችሽን እግዜር ያሳድግልሽ። የአባባ አምላክ ቤትሽን አያጉድልብሽ፤ በሩቅ ያለቀስሽውን ዕንባ ሚካኤል ይቁጠርልሽ።

ሰኔ ላይ እዚህ ብርዱ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለልብስ አታስቢ፤ ባናው እንደ ታጠፈ አልጋቸው እግርጌ አለ።

አደራ የበላው
ታናሽ ወንድምሽ