በጎረቤት ምድጃ የተሠራው ዓሣ

ቆቦ፣ ጥር 1966 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ፣

አሰላሙ አለይኩም እታለም። የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? የእግርሽ እብጠት ተሻለሽ ወይ? እኛ፣ እኔና እማዬ ማለቴ ነው፣ አልሐምዱሊላህ ቆመን እንሄዳለን።

ይህን ደብዳቤ ሾፌሩ ሸረፈዲን ብቻውን መጥቶ እንዳይሰጥሽ ለምኜዋለሁ። መጀመሪያ እዚያ ያሉትን ያገራችንን ሽማግሌዎች ይዞ በማለዳ ይመጣል፤ እነሱ የሚነግሩሽን ይነግሩሻል፤ ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ይህን የምታነቢው ሰምተሽ፣ አልቅሰሽ ነው። መርዶ በወረቀት አይነገርም ብላ እማዬ ከልክላኛለች። እኔም ብሞክር እጄ እሺ አላለኝም። ስለዚህ ስለ ላክሽው በጨው የደረቀ ዓሣ ልጻፍልሽ።

ዓሣው የደረሰው በዚያው ዕለት ነው። ወንዶቹ ከመቃብር ተመልሰው ግቢያችን ውስጥ ሰሌን ላይ እንደተቀመጡ ሸረፈዲን ጆንያውን ተሸክሞ ገባ። ሰሌኑን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ ጆንያውን ግድግዳው ሥር አስቀምጦ አብሯቸው ተቀመጠ። ትንሽ ቀደም ብዬ ልኬ ቢሆን ኖሮ እያልሽ ራስሽን አትብዪ። ለትንሹ ወንድማችን በመጨረሻ ውሃ እንኳ አልወርድለት ብሎ ነበር። ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ የማጠጣው እኔ ስለነበርኩ ነው የማውቀው።

እማዬ ከዚያ ወዲህ እህል ባፏ አልዞረም። ከዚያ በፊትም ድርሻዋን ለሱ እየተወች ነው የከረመችው። ስትነሳ ግድግዳ ትይዝ ጀመር። እሷም ልትከተለው ነው ብዬ ፈራሁ።

እንደምታውቂው ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን እሳት አይነድም፤ የሚያበላው ጎረቤት ነው። ዘንድሮ ጎረቤት ምን አለው? ባዶ እጁን ይመጣና አፍሮ ዳር ዳሩን ይቀመጣል። እኛ ጆንያ ሙሉ ዓሣ ይዘን ማንደድ አንችልም። እትዬ ሀሊሜ ማንደድ ትችላለች፤ የምትጥደው የላትም። ከዓሣው ከፍዬ በጓሮ በኩል ወደሷ ሄድኩ።

ስታየው አፍንጫዋን ይዛ «ይሄ እባብ ነው ወይስ የጫማ ቆዳ?» አለች። ዓሣ ነው አልኳት። «በቢስሚላህ ታርዷል?» አለችኝ። ዓሣ አይታረድም፣ እንዲሁ ሐላል ነው ብለው ሸኻችን አስተምረውናል አልኩ። እሷም ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «እውነትክን ነው፤ ቢያርዱትስ አንገቱ የት አለና» አለች። ሳቅሁ። ወዲያው አፈርኩ።

አሠራሩን የጻፍሽበትን ወረቀት እያነበብኩላት ሠራን። ቀላል ነው ብለሽ ነበር፤ እውነትም ቀላል ነው። ውሃውን ሦስት ጊዜ እየቀየራችሁ ዘፍዝፉ ብለሻል፤ ውሃ ከየት መጥቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቀየርን። ሽንኩርቱን ያመጣችው ጎረቤታችን የሻረግ ናት፤ ጓሮዋ ውስጥ አንድ ራስ ተርፏት ኖሮ «ባዶ እጄን ለቅሶ ከምቀመጥ» ብላ ሰጠችን። ሽንኩርቱን በዘይት ጠብታ አቁላልተን በጨርቅ ቋጥረሽ የላክሽውን፣ ህንዶቹ ካሪ የሚሉትን ቢጫ ቅመም ጨመርንበት። ለተጎዳ ሆድ እንዳይከብድ በርበሬ አታብዙ ብለሻል፤ የሚበዛ በርበሬም አልነበረን። የኮኮናት ወተት የሚለው ላይ ስደርስ እትዬ ሀሊሜ «እሱን ዝለለው» አለች። እኔ ሳማስል አይታ ደግሞ «ተማር ተማር ስንልህ ለካ ለዚህ ኖሯል፤ ስምንተኛ ክፍል ወጥ ነው የሚያስተምሩት?» አለችኝ። የወረቀቱን መጨረሻ ግን አላነበብኩላትም። «እሾሁ ያነሰውን መርጬ ነው የላክሁት፤ ቢሆንም ለታሂር ስትሰጠው ደህና አድርገህ ልቀምለት» የሚለውን።

እትዬ ሀሊሜ ወጡን ከድና እንደራሷ አድርጋ ወደ ቤታችን ይዛው ገባች፤ እኔም ምንም እንደማያውቅ ሰው ተከተልኳት። እማዬን «ያለኝን ነው ያመጣሁት፤ ካልቀመስሽልኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለቻት። እማዬ ሳህኑን አየች፣ ሀሊሜን አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ። ከዚያ ቢስሚላህ ብላ እጇን ሰደደች። የለቅሶ እህል መመለስ ነውር ስለሆነ ነው የበላችው ብዬ አሰብኩ። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ስታኝክ አየሁ።

ትንሽ እንደበላች እሾሁን መልቀም ጀመረች። ዓሣ በልታ አታውቅም፤ ልቀሚ ያላትም የለም። የጠራውን ሥጋ ወደ ሳህኑ ጠርዝ፣ በግራዋ በኩል፣ ታውቂዋለሽ ማን ይቀመጥበት እንደነበር፣ ታከማች ነበር። ክምሩ ከፍ ሲል እጇ ቆመ። በኋላ የእትዬ ሀሊሜን ትንሿን ልጅ ዓሊማን ጠርታ እዚያው አስቀመጠቻትና በእጇ አጎረሰቻት።

ሦስቱ ቀን አልፎ እሳታችንን ባነደድን ማግስት «ለእህትህ ስትጽፍ ጨው በዝቶበታል በላት» አለችኝ። አሁን ራሷ ትዘፈዝፋለች፤ ውሃውንም ከወረፋ እያመጣች ደጋግማ ትቀይራለች። ጎረቤት ቤት ሰው ሲሞት ከጆንያው ታካፍላለች። ጆንያው እየቀለለ ነው።

እኔ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ክፍሉ ሳስቷል፤ መምህሩ ስም መጥራት ትቶ ዓይኑን ብቻ ያዞራል። ይደክመኛል እንጂ አያመኝም።

እማዬ አላህ እጅሽን ይባርከው፣ ከሰው ፊት አያሳፍርሽ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ ትልሻለች። እኔም አሚን እላለሁ። ሌላ ዓሣ ብትልኪ እሾህ ያለውም ይሆነናል፤ አትምረጪ።

ወንድምሽ