በዝናብ ጊዜ ፊልም የሚናገር ሰው በመዋቅሩ ላይ ስላለመኖሩ

ሐምሌ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወለላ ሲኒማ ቤት ሥራ አስኪያጅ
ለክቡር አቶ ገብረ መድኅን
ሀይሌ ጋርመንት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብና አንድ ማመልከቻ ስለማንሳት

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎ የጸና፣ ቢሮዎም ከዝናብ ድምፅ የተጠበቀ ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። የመጨረሻው ምኞቴ እንኳ አስቀድሞ ተፈጽሟል፤ በወሩ መጀመሪያ ማመልከቻ ላስገባ በመጣሁ ጊዜ፣ እኛ ፊልም የምናይበት አዳራሽ ባዶ ቆርቆሮ ሲሆን የእርስዎ ቢሮ ግን እንደ ሰርግ ኬክ የተሽሞነሞነ ኮርኒስ እንዳለው በዓይኔ አይቻለሁ። እንኳን ደስ አለዎት።

እኔ ራኬብ ተካ እባላለሁ። ነፋስ ስልክ ተወልጄ ያደግሁ፣ አምና በኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት የተመረቅሁ፣ ከዚያ ወዲህ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ጽሑፍ በየደረስኩበት በር ላይ እየጠበቀ የሚመልሰኝ ሰው ነኝ። እርስዎ ግን ይበልጥ የሚያውቁኝ በየቅዳሜው አሥር ሰዓት ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምቀመጥ ደንበኛዎ በመሆኔ ነው። ማለቴ፣ ነበርኩ። ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ፎቶዬ «እንዳትገባ» ከሚል ትእዛዝ ጋር በትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ ተለጥፏል። ከቴሌግራም ገጼ የመረጡት የምርቃቴን ፎቶ ስለሆነ አመሰግናለሁ፤ ከታገዱት ሁሉ ጋዋን የለበስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሲኒማ መሄዴን አጥብቃ የምትቃወመውና በቤታችን የጸሎት ኅብረት «ለራኬብ ዓይን» የሚል የጸሎት ርዕስ የምታስይዘው እናቴም «ጌታ መለሰልኝ!» ብላ እልል ብላለች። የሁለት ዓመት ጸሎት በአንድ ወረቀት መመለስ ለማንም የሚቻል አይደለም።

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነና የእርስዎን ቤት የማያውቁ ሰዎችም ስለሚያነቡት ጥቂት ላስረዳ።

ወለላ ሲኒማ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ፊልም ደግሞ ለእኔ የክረምት ነገር ነው፤ በበጋ ፀሐዩ እያለ ጨለማ ቤት ገብቶ መቀመጥ የታመመ ሰው ሥራ ይመስለኛል። ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ፣ ጭቃ የጠገበ ጫማዬን በሩ ላይ ባለው ብረት ፍቄ፣ እርጥብ ጃኬቴን ከፊቴ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ ዘርግቼ፣ ፈንዲሻዬን ጭኔ ላይ አስደግፌ፣ መብራቱ ሲጠፋ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ላይ የሚለቀውን ያንን «እፎይ» ስሰማ፣ ሲቪዬን የት የት እንዳስገባሁ እንኳ እረሳለሁ። ለሁለት ሰዓት ያህል ማንም የሥራ ልምድ አይጠይቀኝም።

ከዚያ ዝናቡ ይመጣል። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ተዋንያኑ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ያለቅሳሉ፣ ይማማላሉ፤ እኛ ግን አንዲት ቃል አንሰማም። ሌላ ሲኒማ ቤት ቢሆን ሰው ተነሥቶ ይወጣ ነበር። እዚህ ግን ጋሽ ሞልቱ አሉ።

ጋሽ ሞልቱ በመዋቅሩ ላይ አስተናባሪ ናቸው፤ ባትሪ ይዘው ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው ወንበር ያሳያሉ። አንዱን ፊልም ቀን በቀን ስለሚያዩት ግን በሁለተኛው ሳምንት ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃላቸው ይይዙታል። ስለዚህ ዝናብ ሲጥል ከስክሪኑ አጠገብ ቆመው፣ ባትሪያቸውን ከአገጫቸው ሥር አብርተው፣ በወጣትነታቸው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ተሳፋሪ ይጠሩበት በነበረው ድምፅ የሁሉንም ተዋናይ ንግግር እየተቀበሉ ይናገራሉ። የሙሽራዋንም፣ የፖሊሱንም፣ የአማቷንም። ሰባት ክረምት እንዲህ ሲያደርጉ ማንም «ያድርጉ» አላላቸውም፤ ማንም «ይተዉ»ም አላላቸውም።

በዚህ ላይ ጋሽ ሞልቱ ደካማ ንግግር ሲያጋጥማቸው ዝም ብለው አያልፉም። አሁን እየታየ ያለውንና ሁለት ወንድማማቾች በአንዲት ሚኒባስ የሚጣሉበትን ፊልም እንደ ምሳሌ ልጥቀስ። ታናሽየው በፊልሙ ላይ ለታላቁ የሚለው «ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ አይደለህም» ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። በዝናብ ቀን ግን ጋሽ ሞልቱ «አንተን ወንድሜ ከምል ትርፍ ጎማውን ወንድሜ እላለሁ፤ እሱ ቢያንስ መንገድ ላይ ስቀር ይደርስልኛል!» ይላሉ። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። በደረቅ ቀን የገባ ሰው የተጭበረበረ መስሎት ይወጣል። ጓደኛዬ ሄርሜላማ ሰማይ አይታ ነው ቀን የምትመርጠው፤ «ዛሬ እኮ ጠራ ብሏል ባክሽ፣ ደህና ቀን እንሂድ» ትለኛለች።

እንግዲህ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ማመልከቻዬን ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ። ስንመረቅ «ችግር ስታዩ ዝም አትበሉ፣ ፕሮፖዛል ጻፉ» ተብለን ነበርና ሐምሌ 7 ቀን አራት ገጽ ጽፌ፣ ስፓይራል አስጠርዤ አስገባሁ። ለጋሽ ሞልቱ ሥራቸው በይፋ እንዲታወቅላቸው፣ የሚቆሙበት ከፍ ያለ ነገርና የእጅ ድምፅ ማጉያ እንዲሰጣቸው፣ ስማቸውም በፖስተሩ ግርጌ እንዲጻፍ ጠየቅሁ። እርስዎም በሦስት ቀን ውስጥ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚያስቀና ፍጥነት፣ «በመዋቅሩ ላይ በዝናብ ጊዜ ፊልም የሚናገር የሚባል የሥራ መደብ አለመኖሩን አረጋግጠናል፤ ስለሆነም ድርጊቱ እንዲቆም ታዟል» የሚል መልስ ሰጡኝ። እኔ ይታወቅላቸው አልኩ፤ እርስዎ ዐወቁባቸው። ሰባት ክረምት ያለ ወረቀት በሰላም የኖረ ሥራ፣ ወረቀት ባገኘ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ገዳዩ የእኔ ስፓይራል ነው። ይህን የምጽፈው ቀልዱን አቁሜ ነው።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሄድ ጋሽ ሞልቱ «ምን አጠፋሽ አንቺ ልጅ፣ ደብዳቤሽ እኮ ያምር ነበር አሉ» ብለው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ባትሪያቸውን አበሩ፣ አጠፉ፤ አበሩ፣ አጠፉ።

ሁለተኛ፦ ለጋሽ ሞልቱ ስለሰጡት አዲስ ኃላፊነት አመሰግናለሁ። አሁን በር ላይ ቆመው የደንበኛ ጃንጥላ ይቀበላሉ። እግረ መንገዴን፣ ጃንጥላ ተቀባይ የሚባል መደብ በመዋቅሩ ላይ ይኖር እንደሆነ ጸሐፊዎን ብጠይቃት «እሱ ጊዜያዊ ምደባ ነው» አለችኝ። መዋቅሩ በር አካባቢ እንዲህ ለስላሳ፣ ስክሪን አካባቢ እንዲህ ደረቅ መሆኑን በኮንስትራክሽን ትምህርቴ አላገኘሁትም ነበር።

ሦስተኛ፦ በጋሽ ሞልቱ ቦታ ስለተኩት ወረቀት አመሰግናለሁ። «የፊልሙ ጭብጥ በአጭሩ» የሚለው ይህ አንድ ገጽ በር ላይ ይታደለናል፤ ዝናብ ሲጀምር አውጥተን እንድናነብ ነው። መብራቱ የጠፋ አዳራሽ ውስጥ መሆናችንን ማን እንዳሰበልን ባላውቅም፣ ሰው ሁሉ ስልኩን አብርቶ ሲያጎነብስ አዳራሹ የፈተና ዋዜማ ቤተ መጻሕፍት ይመስላል። ወረቀቱ በሁለተኛው መስመር ላይ «በመጨረሻም ወንድማማቾቹ ይታረቃሉ» ማለቱ ደግሞ ልብ ድካም ላለብን ሰዎች ታላቅ እፎይታ ነው።

አራተኛው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ምስጋና ስላልሆነልኝ እንዲሁ እተርከዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ታላቁ ወንድም የሚኒባሱን ቁልፍ ይዞ የታናሹን በር ሊያንኳኳ ሲል፣ ሰማዩ ተከፈተ። ወረቀቱን ያወጣ አወጣ። ያኔ ከኋላ ረድፍ ልብስ ሰፊዋ መርዋ፣ ማንም ሳይነካት፣ «አንተን ወንድሜ ከምል ትርፍ ጎማውን ወንድሜ እላለሁ!» ብላ ለቀቀችው። ቦታው እንኳ አልነበረም፤ ያ ንግግር ካለፈ አንድ ሰዓት ሆኖታል። ሌላው ተቀበላት፣ ሌላውም ተቀበለው፤ ትንሽ ቆይቶ አዳራሹ በሙሉ ፊልሙን መናገር ጀመረ፤ ግማሹ ታላቅ ወንድም፣ ግማሹ ታናሽ፣ እኔ የጎረቤት ውሻ ሆኜ።

እርስዎ መብራት አስበርተው ከስክሪኑ ፊት ቆሙ። ብዙ ተናገሩ፤ እጅዎ ይንቀሳቀስ ነበር። ከኋላ አንድ ሰው «ጋሼ፣ አይሰማም! ጋሽ ሞልቱን ይጥሩልንማ!» ሲል እኔ ሳቅሁ። ከፊት ስለነበርኩ የኔ ሳቅ ታየ። ፊልሙ ቁልፉ ሳይሰጥ ተቋረጠ፣ ሁላችንም ወጣን፣ እኔም ታገድኩ።

ውጭ ዝናቡ መሬት ያርስ ነበር። ጎን ያለው ኳስ ማሳያ ቤት ባለቤት ዑስማን፣ ሊጉ እስኪከፈት ሥራ ስለፈታ፣ በሩን ከፍቶ «ግቡ፣ ግቡ፣ ምን ታያላችሁ!» አለን። ተጠጋግተን ቆምን። ወዲያው ጋሽ ሞልቱ ሠላሳ ያህል ጃንጥላ ታቅፈው፣ ራሳቸው ግን በስብሰው ገቡ፤ በብስጭት ስንወጣ ጃንጥላችንን ረስተን ነበርና ለየባለቤቱ ሊመልሱ ነው። ሲያድሉ መርዋ «ጋሽ ሞልቱዬ፣ እሺ ቁልፉን ሰጠው?» አለቻቸው።

ወደ በሩ ዞረው አዩ። እንጀራቸው ያለው እርስዎ ዘንድ ነው፤ ልጆች አሏቸው። ከዚያ ዑስማንን «ይሄ ግድግዳ የሲኒማው ነው ወይስ ያንተ?» ብለው ጠየቁት።

«የኔ ነው፤ ኪራይም ቢሆን የኔ ነው።»

ጃንጥላዎቹን መሬት ላይ አስቀመጡና ባትሪያቸውን አበሩ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ስክሪን አልነበረም። ተዋናይ አልነበረም። ታላቁ ወንድም ቁልፉን ዘርግቶ «እኔ መንዳት ደክሞኛል፤ አንተ ንዳ፣ እኔ ረዳት እሆናለሁ» ሲል፣ እንደሚታረቁ በወረቀት አስቀድሞ የተነገረን ሰዎች በሙሉ አለቀስን። ዑስማን ፊልሙን ጨርሶ አላየውም፤ እሱም አለቀሰ። ፊልሙ ላይ እንዲያ ይበል አይበል እስካሁን አላውቅም፤ ታግጃለሁና ለማጣራት አልቻልኩም።

ሲበተን ጋሽ ሞልቱን «እዚሁ ቢቀጥሉስ?» አልኳቸው። «አይ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ፊልም የሌለበት ፊልም ስንት ቀን ይቆያል? እኔ ሰው ወንበሩን ይዞ፣ ስክሪኑ በርቶ፣ ከጎን መቆም ነው የምወደው። ብቻ የሲኒማው ኃላፊዎች ይሁን ካሉ።»

ስለዚህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሐምሌ 7 ቀን ያስገባሁትን ማመልከቻ ከዛሬ ጀምሮ በፍጹም ትሕትና አንስቻለሁ። ከፍ ያለ መቆሚያ አልጠየቅሁም። ድምፅ ማጉያ አልጠየቅሁም። እርስዎም ምንም አላነበቡም፣ በመዋቅሩ ላይም ምንም አልፈለጉም። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፦ ሰባት ክረምት ሙሉ በብቃት ሲያከናውኑት ወደነበረው አለማየት እንዲመለሱልን። ጋሽ ሞልቱ በቅዳሜ ዝናብ ጊዜ ከስክሪኑ አጠገብ ቢቆሙ፣ እርስዎ ኮርኒስዎ ሥር ሆነው ሻይዎን ይጠጡ። ለዚህ ቃለ ጉባኤ አያስፈልግም።

ነገሩ እንዲስተካከል የግድ አንድ ሰው መቀጣት ካለበት፣ የእኔ እገዳ ይጽና። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለውን ወንበሬን በዓለም ላይ ከማንኛውም ወንበር አስበልጬ እንደምወድ፣ ሥራ ካገኘሁ እንኳ የቢሮ ወንበሬን እንደዚያ እንደማልወድ እያወቅሁ ነው ይህን የምለው። እኔ የሲኒማው አጥር ጥግ ጃንጥላዬን ይዤ እቆማለሁ። የእሳቸው ድምፅ አጥር አያቆመውም።

ለቅን ትብብርዎ፣ በተለይም ለማይሰጡኝ መልስ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ መዋቅርዎ ዘወትር የተሟላ፣ ጃንጥላዎ ዘወትር ደረቅ ይሁን እላለሁ።

የቀድሞ ታማኝ ደንበኛዎ፣
ራኬብ ተካ (በፎቶው ላይ ያለችው)

ግልባጭ፦
ለልብስ ሰፊዋ መርዋ
ለእናቴ (ጸሎቱ እንዲቀጥል)

ማስታወሻ፦ መልስዎ እስኪመጣ ድረስ በመጪው ቅዳሜ አሥር ሰዓት ዑስማን ቤት እንገናኛለን፤ ጋሽ ሞልቱ ለዚያ ቀን የዓመት ፈቃድ ሞልተዋል፣ ዓመት ፈቃድ ደግሞ በመዋቅሩ ላይ አለ። ችግራችን ሰው በዝቶ መቀመጫ ማነሱ ነው። በዚያ ሰዓት የእርስዎ አዳራሽ ውስጥ ወንበር እንደሚተርፍ ከትኬት ቆራጭዎ ስለሰማን፣ አንድ መቶ ሃምሳ ያህል ቢያውሱን ሲመሽ ጠራርገን እንመልሳለን። ለእርስዎም አንዱን ከፊት እናስቀምጥልዎታለን።