ኮምፒውተራችንን እንደ ጠፋ ከብት ላሰሩልን ክቡር ኃላፊ

ይድረስ ለአዳራሽና ንብረት ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፣ ከሚሴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ክቡር ሆይ። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይ ወገብዎ እንዴት ሰነበተ? ባለፈው ስንመጣ ስብሰባ ገብተዋል፣ ከዚያ በፊት ስንመጣ ለስብሰባ እየተዘጋጁ ነው፣ ከዚያም በፊት ስንመጣ ከስብሰባ ደክመው ወጥተዋል ስለተባልን፣ ይህን ያህል የሚቀመጥ ወገብ ዱዓ ሳይደረግለት ቢቀር ነውር መስሎን ጁምዓ ጁምዓ አልረሳንዎትም። እኛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። የጨፋ ሜዳ ማሽላ ራሱን ደፍቷል፣ ወፉም እንደ ልማዱ ከባለቤቱ ቀድሞ እየቀመሰው ነው፣ መብራትም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል።

ጸሐፊው እኔ ኸይረዲን ጀይሉ እባላለሁ፤ ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው። ሁለት ባልንጀሮች አሉኝ። አንዷ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ሱቅ ሞባይል የምትጠግነው ነኢማ ከማል ናት፤ ሌላው ባጃጅ የሚነዳው ጀይላን ነው። ደብዳቤውን በግልጽ ያደረግሁት በዝግ የላክኋቸው ሰባት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤትዎ ውስጥ ተቃቅፈው ስለተኙ፣ ይህን ስምንተኛውን እንኳ ትንሽ ነፋስ ያግኘው ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ፤ እርስዎ ግን ሰባት ጊዜ ስለተነገረዎ ይህችን አንቀጽ ቢዘሏት አልቀየምም። ኮምፒውተር ሁሉ ሲነሳ የሚያዘውና የሚያስተዳድረው ሥርዓት አለው። ስማቸው የገነኑት ሥርዓቶች ሆዳሞች ናቸው፤ ትልቅ ማሽንና ብዙ መብራት ይፈልጋሉ። በልዩ ልዩ አገር ተበታትነው የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ግን ያለ ደመወዝ፣ ለፍቅሩ ብለው ብቻ የሠሩት አንድ ትንሽ ሥርዓት አለ። የፈረንጅ ስሙ አፋችን ላይ አልቀመጥ ስላለ እኛ ዘንጋዳ ብለነዋል፤ እንደ ዘንጋዳ ማሽላ በጥቂት ዝናብ ይበቅላልና። በቅርቡ ደግሞ ደብተር የምታክል፣ ትሪ በምታክል የፀሐይ ሰሌዳ ሁለት ቀን የምትውል የእጅ ኮምፒውተር ወጣች። ዘንጋዳ ይህችን ማሽን አያውቃትም ነበር፤ ቢጭኑበት ስክሪኗ አይበራም፣ ፊደል ቢመቱ አትሰማም። እኛ ሦስታችን ተጋግዘን አንዲት ማሽን ገዛንና ሁለቱን ማስተዋወቅ፣ በሠሪዎቹ አነጋገር ማላመድ፣ ጀመርን፤ እነሆ ሁለት ዓመት ሆነን። ማን አዘዛችሁ ላለን ሁሉ መልሳችን ያው ነው፤ ማንም።

የዘንጋዳ ሠሪዎች አንድ ጥብቅ ደንብ አላቸው። አዲስ ማሽን መዝገባቸው ላይ የሚገባው፣ ከአላማጆቹ ውጭ የሆነ ሰው ከልቡ የሚፈልገውን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠርቶባት ማስረጃው ሲቀርብ ነው፤ ለእኛም እስከ ጥቅምት ሠላሳ ጊዜ ሰጥተውን ነበር። ካለፈ ማሽኗ ከእጩዎች ትሰረዛለች፣ ከማሽኗም ጋር ያላመዳት ሰው ስም። ያ ስም የነኢማ ነው። እኔ ሒሳቡን ረዳሁ፣ ጀይላን ማሽኗን በባጃጁ እያንገጫገጨ ፈተናት እንጂ፣ የስክሪኑን ሥራ አንድ በአንድ የጻፈችው እሷ ናት። ኮሌጅ ከሁለተኛ ዓመት ያቋረጠች ልጅ ናት፤ የምስክር ወረቀት የሚባል ነገር ላይ ስሟ ወጥቶ አያውቅም። አባቷ በየቀኑ ይህ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው ይሏታል፤ እሷም ጥቅምት ትላቸዋለች። ለዚህ ነበር፣ ክቡር ሆይ፣ ሕዝብ መጥቶ እንዲሞክራት አዳራሽዎን ለአንድ ቀን የለመንንዎ። ከዚያ በኋላ ላደረጉልን ሁሉ በተራ በተራ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፤ ማመልከቻችንን አንብበውልናል፤ ይህ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሐምሌ ውስጥ ማሽኗን ለናሙና አያይዘን ስናቀርብ፣ የሥርዓቱ ባለቤት ማን ነው ለሚለው ጥያቄ እኔ የዋሁ በገዛ እጄ ባለቤት የለውም፣ የሁሉም ነው ብዬ ጻፍሁ። እርስዎም ከሦስት ገጽ ውስጥ ይህችን አንዲት መስመር በቀይ አስምረው፣ ባለቤት የሌለው ንብረት በደንቡ መሠረት ባለቤቱ እስኪገኝ ድረስ ይታሰራል ብለው መሩበት። በቃ፣ ማሽናችን ያን ቀን ገባች፤ አልወጣችም። ሥርዓቱ ነው ባለቤት የሌለው፣ ማሽኗ ግን የእኛ ናት ብለን ብንጮህ፣ ነፍስና ሥጋን መለየት የጽሕፈት ቤቱ ሥልጣን አይደለም ተባልን። እውነት ነው፤ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ደንቡ የተጻፈው ለጠፋ ከብት መሆኑ ሳያግድዎ ሥርዓቱን አንድ በአንድ ስለፈጸሙልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መዝገብዎ ላይ መልክ ጥቁር፣ ምልክት ቀኝ ማዕዘኗ የተሰነጠቀ፣ ጠባይ ዝምተኛ ተብላ ሰፍራለች። በነሐሴ ውስጥ ሁለት እሑዶች ሰንበቴ ገበያ ላይ በድምፅ ማጉያ ተለፍፎላታል፤ በአንድ ግመልና በሁለት ፍየሎች መካከል ነው የተጠራችው። ጀይላን በጆሮው ሰምቶ ባጃጁን አቁሞ እስኪያነባ ስቋል። አንድ የግመል ደላላም ምን ዓይነት ከብት ናት ብሎ ከሰንበቴ ድረስ ቢሮዎ መጥቶ፣ ገልጦ አይቶ፣ ጥርሷን በጣቱ ነክቶ፣ ይህቺ ለአቅም አልደረሰችም ብሎ ሄዷል አሉ። ሰውየው ስለ ሥራችን እስከዚያ ቀን ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ ትክክለኛውን ሰጥቷል፤ የት እንደምናገኘው ቢያውቁ ይጠቁሙን።

ሦስተኛ፤ ይህን ቅሬታ ነኢማ አንብባ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለሹም አይጻፍም ብላ አውጥታዋለች። ቁጥሩን ብቻ ትቼዋለሁ።

አራተኛ፤ ማሽኗን ከነአስተዳደጓ የሚያውቁ ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ ዋስ አምጡ ስላሉን እናመሰግናለን፤ በዚህ ዘመን ለኮምፒውተር ሽማግሌ የሚጠይቅ ቢሮ ሌላ የት ይገኛል! ከነኢማ ሱቅ አጠገብ ገመድ የሚሸጡት ሼህ ሰይድ መስከረም ውስጥ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ጥምጥማቸውን አሳምረው መጡልን። «ኒን ቤካ፣ አሳምሬ አውቃታለሁ» ብለው ጀመሩ። አፍ ሳትፈታ ጀምሮ እንደሚያውቋት፣ በረመዷን ለማፍጠሪያ አንድ ሰዓት ሲቀር የመጀመሪያዋን ፊደል እንዳወጣች፣ ያን ጊዜ ነኢማ እልል ስትል ሌባ የገባ መስሏቸው ዱላ ይዘው እንደሮጡ፣ የማዕዘኗም ስንጥቅ ከባጃጅ ወድቃ የመጣ እንደሆነ አንድ ሳያስቀሩ መሰከሩ። ጸሐፊዎ ሁሉንም ጻፈው። ጉዳያችን አለቀ ብለን ልንነሳ ስንል እርስዎ ብቅ አሉና ባለቤቷን በስሙ እንዲጠሩ ጠየቋቸው። ሼህ ሰይድ ደግሞ ከጠየቋቸው ሐሰት አይናገሩም፤ ማሽኗ የልጆቹ ናት፣ ውስጧ ያለው ግን የሁሉም ነው ብለውኛል አሉ። እንግዲህ ያን ቀን ወደ ቤታችን እንዴት እንደተመለስን አልነግርዎትም። ሼህ ሰይድ መንገዱን ሙሉ ምን አጠፋሁ እያሉ ይጠይቁን ነበር፤ ምንም አላጠፉም።

አምስተኛ፤ ጥቅምት አሥራ ስምንት ቀን የመጨረሻው ውሳኔ ደብዳቤ ደረሰን። እውነቱን ልናገር፣ እስከዚያ ቀን ድረስ እንስቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሳቁ ጠፋ። መሣሪያው በባለሙያ ተመርምሮ የማይሠራና ለማንኛውም ተግባር የማይውል ሆኖ ስለተገኘ ባለበት ታሽጎ እንዲቀመጥ ተወስኗል ይላል። ነኢማ አነበበችውና የያዘችውን ሞባይል መፍታቷን ቀጠለች። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶናል፣ ማሽን የለን፣ አዳራሽ የለን፣ ሞካሪ የለን። ሁለት ዓመት ሙሉ አይዞሽ ስላት የነበርሁት እኔ፣ የፈታቻቸውን ብሎኖች እየለቀምሁ አቀብላት ጀመር።

ደብዳቤውን አጣጥፎ ሊያስቀምጥ ያነሳው ጀይላን ነው፤ ግርጌውን አይቶ ሱቁን ያናወጠ ጩኸት ጮኸ። ክቡር ሆይ፣ ዘንጋዳ ገና በሙከራ ላይ ሳለ ስሕተት ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ፣ በሚያትመው ወረቀት ሁሉ ግርጌ አንዲት ቀጭን መስመር ያስቀምጣል። በእርስዎ ደብዳቤ ግርጌም እንዲህ የሚል ነበር፦ ዘንጋዳ፣ የሙከራ ቅጂ 14፤ በባትሪ ብቻ የተጻፈ፤ የስክሪንና የማተሚያ ሥራ፣ ነኢማ ከማል።

በዚያ ሳምንት ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ከተማው ሦስት ቀን መብራት እንዳልነበረው ያን ጊዜ ትዝ አለን። የቢሮዎ ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች እንደ ሬሳ ተጋድመው ሳለ፣ አንድ ብልህ ሰው የታሰረችውን ማሽን ፈትቶ፣ የማትሠራ መሆኗን የሚገልጸውን ደብዳቤ በእሷው ላይ ጽፎ፣ መብራት ሲመጣ በእሷው አትሞታል። ማተሚያ ስለሌለን የማተሚያውን ክፍል ነኢማ በንባብ ብቻ፣ በጨለማ እንደሚዳስስ ሰው ነበር የጻፈችው፤ መሥራቱን ያወቅነው ከእርስዎ ነው። እንዲያው በአላህ፣ ከአላማጆቹ ውጭ የሆነ፣ ማሽኗን የማይወድ፣ ሆኖም ከልቡ የሚፈልገውን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሠራባት ሰው ብለን ብንፈልግ ከእርስዎ ቢሮ የተሻለ ከየት እናገኝ ነበር? አላህ ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ ነው። ደብዳቤውን ፎቶ አንስተን፣ ተርጉመን፣ በዚያው ቀን ለሠሪዎቹ ላክነው።

መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። ማሽኗ መዝገብ ላይ ገብታለች፤ በስሟም ትይዩ ያላመደችው ነኢማ ከማል፣ ከሚሴ የሚል ሰፍሯል። ሠሪዎቹ በሥራቸው ታሪክ ውስጥ ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ ቀርቦላቸው እንደማያውቅ ጽፈዋል፤ ሞካሪ በሚለው ረድፍም የእርስዎ ቢሮ ገብቷል። ስምዎን ግን አልሰጠናቸውም፤ ትሕትናዎን እናውቃለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ክብ ማኅተምዎ ከወረቀቱ ግርጌ ዝቅ ብሎ ስለተመታ፣ ያረፈው በትክክል ነኢማ ከማል የሚለው ስም ላይ ነው። አባቷ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት። ከላይ የተጻፈውን አላነበቡም፤ ስሟንና ማኅተሙን ብቻ አይተው፣ ወጥተው ፍሬም ገዝተው መጡ። አሁን ሱቁ ውስጥ ተሰቅሏል። ሞባይል ሊያስጠግን የሚገባ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይላታል፣ እሷም አላህ ይስጥልኝ ትላለች፤ እርስዎንም ሳታመሰግን አትውልም። እኔ ሳልቀልድ የማመሰግንዎ ስለዚህ ብቻ ነው።

የቀረን አንድ ልመና ነው፤ ማሽኗን ይመልሱልን። ቅጂ 15 ተጽፎ አልቋል፣ የምንሞክርበት ግን የለንም፤ ሌላም ማሽን የለንም።

ወገብዎን አላህ ያጽናልዎ፣ ወንበርዎንም ከእርስዎ አያርቀው እያልሁ፣ በሰባት ደብዳቤ ያልተሰማሁ፣ በስምንተኛውም ያልሰለቸሁ፣ በማንኛውም የሥራ ሰዓት፣ ምሳና ስብሰባ በማይሆንበት ደቂቃ፣ ደጅዎ ላይ ሊያገኙኝ የሚችሉት አክባሪዎ፣

ኸይረዲን ጀይሉ
ስለ ራሱ፣ ስለ ነኢማና ስለ ጀይላን

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ሁሉ
ለማይመለከተውም

ከፈረምሁ በኋላ የሰማሁት፦ አርባ ሁለት ገጽ የሩብ ዓመት ሪፖርትዎ ማሽኗ ላይ ተጽፎ ካለቀ በኋላ፣ ክዳኗ በድንገት ሲዘጋ ድራሹ እንደጠፋ፣ ለሰኞም እንደሚፈለግ ሰማሁ። ማን እንደነገረኝ አይጠይቁኝ፤ ከሚሴ ናት። እንደ ወንድም ይጨነቁ ዘንድ አልወድምና ልንገርዎ፤ ሪፖርቱ አልጠፋም፣ ተሸሽጎ ነው፣ ነኢማም የት እንዳለ ታውቃለች፤ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። የቸገራት አንድ ነገር ብቻ ነው። ምንም የማትሠራ ማሽን ውስጥ አርባ ሁለት ገጽ ሊኖር አይችልም፤ ይህንንም የሚመሰክር ባለ ማኅተም ደብዳቤ ግድግዳዋ ላይ አለ። ስለዚህ ማሽኗን ይዘው ሲመጡ፣ ትሠራለች የሚል ሌላ ደብዳቤ ጽፈው ይምጡ፤ መብራት ከሌለም በእሷው ላይ ይጻፉት።