ከባዶው ግድግዳ ፊት የቆሙት፦ የአቶ ራልፍ ብላንቻርድ የሕይወት ታሪክ

አቶ ራልፍ ብላንቻርድ ከአባታቸው ከዓሣ ወደቡ ሠራተኛ ከአቶ ኧርነስት ብላንቻርድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤልሲ ፕራውት በግሪምዝቢ ከተማ ማርች 4 ቀን 1932 ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ከፍተኛ ደረጃ ዘለቁ። ታናሽ ወንድማቸው ሲረል ግን ለአንድ ቤት አንድ የተማረ ይበቃል ተብሎ በአሥራ አራት ዓመቱ ዓሣ መበለት ጀመረ።

በ1952 ምግብ ገና በራሽን ነበር። የከተማው ሰው ሰልፍ ካየ መጀመሪያ ይቆማል፣ የምን እንደሆነ በኋላ ይጠይቃል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሲረል ባዶ ዘንቢል ይዞ ከዓሣ ወደቡ የበረዶ ማከማቻ ባዶ ግድግዳ ፊት ቆመ። በሩብ ሰዓት ሃያ ስድስት ሰው ከኋላው ተሰለፈ።

«ልጄ፣ ምን መጥቶ ነው?» አሉት አንዲት እናት።

«እኔም አላወቅኩም፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል?»

«እርስዎንስ?»

«ኋላ ቢያልቅብኝስ!»

አቶ ራልፍ ከመንገዱ ማዶ ሆነው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

በ1961 ከወይዘሮ ኦድሪ ጋር ጋብቻ መሥርተው ማልኮምንና ጂሊያንን አፈሩ። ኑሯቸውን ለንደን አድርገው ከ1970 ጀምሮ ከጓደኞቻቸው ጋር ያንን ወፈፍ ያለ ቀልድ በቴሌቪዥን አቀረቡ። ሕዝብ በግድግዳ ፊት ተሰልፎ ሳለ አንድ ጸሐፊ በቀዳዳ ብቅ ይልና «ግድግዳው ለምሳ ወጥቷል» ይላል፤ ሕዝቡም አመስግኖ ይጠብቃል። ያኔ ያልተወለዱ ወጣቶች ዛሬም ከሩቅ መጥተው እዚያው የግሪምዝቢ ግድግዳ ፊት ቆመው ይስቃሉ። የምን እንደሆነ ሳያውቅ ያልተሰለፈ ሰው የለምና ሳቁ አላረጀም።

በ1973 ጋዜጠኛ የቀልዱን መነሻ ሲጠይቃቸው ግን «ያን ቅዳሜ ከፊት የቆምኩት እኔ ነኝ» አሉ። ሲረል ከእናቱ ጋር ተቀምጦ ይህን በቴሌቪዥን አየ። «ተወው፣ ለፕሮግራሙ ብሎ ነው» አሉት እናቱ። አልተወውም። በ2003 ለወይዘሮ ኦድሪ ቀብር እንኳ አልሄደም፤ ይህም ከሕይወት ታሪካቸው ጋር አብሮ ይነበብ።

አቶ ራልፍ በሳንባ ሕመም ሲዳከሙ በ2013 ወደ ግሪምዝቢ ተመለሱ። ሲረል ብዙ ካመነታ በኋላ ሆስፒታል ሄደ።

«ከፊት የቆምከው አንተ ነበርክ፣ ሲረል።»

«ይህን ለማለት አርባ ዓመት?»

«ሰልፉ ረጅም ነበር።»

ሲረል ሊቆጣ ነበር የሄደው። ነርሷ መጥታ እስክትገሥጻቸው ድረስ ሁለቱም ሳቁ።

አቶ ራልፍ በተወለዱ በ81 ዓመታቸው ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2014 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የሁለት ልጆች አባትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ፤ አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል።

በኑዛዜያቸው መሠረት ከቀብሩ በኋላ ሁላችንም ወደ ግድግዳው ሄደን እንሰለፋለን። ሲረል ከፊት ይቆማል። ከኋላው ያለው የአንድ ሰው ቦታ የአቶ ራልፍ ነውና እባካችሁ ማንም እንዳይገባበት።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያለ ወረፋ ያስገባልን። አሜን።