ቁም ሳጥን ውስጥ የፈነዳው ቢራ

እማ፣

ቦምብ አይደለም! ቢራ ነው! ኖሊን ደውላ "ልጅሽ ቤቱን አፈነዳችው፣ እጇ ሁሉ ደም በደም ሆኗል" ስትልሽ፣ ቢያንስ "በምን?" ብለሽ አትጠይቂም? ጎረቤት ያለውን ሁሉ ታምኛለሽ? ጭራሽ "ቅዳሜ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ" ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋሽብኝ። እኔ መልስ የለኝም? አለኝ። ይኸው።

ግን መጀመሪያ ሰላም ልበልሽ፣ ኋላ ስድ ናት እንዳትይ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽን የክራይስትቸርች ብርድ እንዴት አረገልሽ? አክስቴስ? አሁንም ታንኮራፋለች? እኔ ደህና ነኝ። እጄ ላይ ያለው ጭረት ነው፣ ጭረት! ድመት ብትቧጭረኝም ኖሊን አምቡላንስ ትጠራ ነበር።

አሁን ስሚኝ። አንቺ አክስቴ ዘንድ ከሄድሽ ወዲህ እዚህ ቤት የነበረውን ነግሬሽ አላውቅም። የዓሣ ማጥመጃ ጀልባው ከተሸጠ በኋላ አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሾርባ አስገባለሁ፣ ያንኑ ሾርባ አወጣለሁ። "አባዬ ተነስ" እለዋለሁ፣ "እሺ" ይላል፣ አይነሳም። ጀልባው ላይ አብሮት ሲሠራ የኖረው ራንጊ በመስኮት ብቅ ብሎ "አንተ ሽማግሌ፣ ዓሣዎቹ የት ገባ እያሉ ነው" ቢለው መጋረጃውን ሳበበት። ጮህኩበት። ሳህን ሰበርኩ (ሰማያዊዋን፣ ይቅርታ)። ምንም።

እኔም እንደምታውቂው ሥራ የለኝም። ትምህርቱን ተውኩ፣ ተውኩ ነው፤ እሱን አሁን እንዳታነሺብኝ። ሱቅ ገብቼ ያንን በቆርቆሮ የታሸገ ብቅል አየሁት፣ አባዬ በደህናው ጊዜ የሚገዛውን። ሲጠምቅ ኮሪደሩ በሙሉ ያረረ ዳቦ ሲሸት፣ አንቺ "ልብሴ ሁሉ ቢራ ቢራ ሸተተ!" እያልሽ ስትጮሂ፣ እሱ ሲስቅብሽ፣ ትዝ ይልሻል? ያ ሽታ ሙት ይቀሰቅሳል አልኩና ገዛሁት።

አሠራሩን የሚያሳይ ወረቀት ነበረው። ምድጃ ለኮስኩበት። ምን ይከብዳል? ብቅሉን በሙቅ ውሃ መበጥበጥ፣ ስኳር፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ እርሾ፣ መክደን። በርሜሉን ልብስ ማጠቢያው ክፍል አስቀመጥኩት። ክዳኑ ላይ ያለችው ቱቦ ጉልቅ ጉልቅ ስትል ቆሜ አይ ነበር። ከዚያ ያ ጥርስ የሚያንገጫግጨው ቀዝቃዛ የደቡብ ንፋስ መጣ፣ ጉልቅ ጉልቁም ቆመ። "ደረሰ!" አልኩ። በጠርሙስ ሞላሁት፣ በየጠርሙሱ ስኳር ጨመርኩ፤ አንድ ማንኪያ ጥሩ ከሆነ ሁለት ይሻላል ብዬ። ቆርኪውን መታሁና ሁሉንም የሙቅ ውሃው ታንከር ያለበት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከፎጣዎቹ ሥር ደረደርኩት። ለካ እርሾው ሥራውን አልጨረሰም፤ በርዶት ተኝቶ ነው። ሙቀት ሲያገኝ ነቃ።

እሁድ ምሳ ላይ፣ ድው! ሮጬ በሩን ስከፍት አንዱ ስባሪ እጄን ጫረኝ። ከዚያ ድው ድው ድው! አረፋው እስከ ጣሪያ። ፎጣዎቹን ላድን ልገባ ስል ከኋላ ኮሌታዬን ይዞ የጎተተኝ ማን ይመስልሻል? አባዬ! በካልሲና በውስጥ ሱሪ! እንደ ከረጢት ተሸክሞ ግቢ አወጣኝና "እዚያ በር ዘንድ ድርሽ ትይና!" ብሎ ጮኸ። ጮኸ እኮ እማ! እኔም "መናገር ትችላለህ ለካ!" ብዬ ጮህኩበት። ዝናብ እየደበደበን "ስንት ማንኪያ ስኳር ነው የጨመርሽው?" አለኝ። "ሁለት!" አልኩት። "አንቺ እብድ! መለኪያዋንስ አስገብተሽ አይተሻል?" "የምን መለኪያ?" ስለው እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ከዚያ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኖሊን አጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ስታይ ነበር። ይሄንን ግን አልነገረችሽም አይደል?

በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍት ደረጃው ላይ ባዶ ጠርሙስ ሞልቷል፤ የሰፈሩ ሰው ፍንዳታውን ሰምቶ እዚህ ቤት እንደገና እየተጠመቀ መሆኑ ገብቶታል። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ የአባዬን ቢራ የጠጣ ጠርሙሱን አጥቦ ይመልሳል። ይህን ሁሉ ጊዜ በየጓዳቸው ይዘውት ተቀምጠዋል። አባዬ አንዱን አንስቶ አሸተተና "ይሄ የራንጊ ነው፤ ይሄ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ማጠብ አልቻለበትም" አለ። ሊሰድበው ብሎ ሱሪውን ለብሶ ወጣ። እስኪመሽ አልተመለሰም።

አሁን አዲስ ጠምቀናል። እሱ አለቃ፣ እኔ ተላላኪ። እርሾው መጨረሱን የምታሳየው ተንሳፋፊዋ መለኪያ ዛሬ የቆመችበት መስመር ላይ ነገም ካልቆመች ቆርኪ አይነካም። "ዝም ያለ ሁሉ ጨርሷል ማለት አይደለም" ይለኛል። "አንተን ጨምሮ" አልኩት። አኮረፈ፣ ግን ቁጭ ብሎ ነው ያኮረፈው። በርሜሉ እንዳይበርደው ደግሞ ትተሽው የሄድሽውን ሮዝ ጋውን አልብሶታል። "ብርድ ልብስ ሞልቶ?" ብለው "ይሄ ይሞቃል" አለኝ።

ቅዳሜ ጠርሙስ የምንሞላበት ቀን ነው። የሦስት ሰው ሥራ ነው፤ እሱ ይሞላል፣ እኔ ቆርኪ እመታለሁ፣ ከስኳሩ ግን ተባርሬያለሁ። ስኳሩን ትሰፍሪ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ነይ። ለሻንጣዬ ከሆነ ግን አትልፊ፤ ከአልጋ ሥር አላወጣሁትም፣ አላወጣምም።

አንድ ነገር ደግሞ። ትናንት አባዬ ሱቅ ሄዶ የሎሚ ለስላሳ ገዝቶ መጣ። እዚህ ቤት ቢራ በለስላሳ ቀላቅሎ የሚጠጣ ማን እንደነበር አንቺው ታውቂያለሽ። ቢራው ለመጠጣት ገና ሳምንታት ይቀሩታል፤ ለስላሳው ግን ከአሁኑ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

እግዜር ጉልበትሽን ያጠንክርልሽ፣ የአክስቴን ማንኮራፋትም ያስችልሽ።

ቁም ሳጥን ያፈነዳችው ልጅሽ

ይሄ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን ሳይመሽ ደውይ። አባዬ "ጫማ እየጠገንኩ ነው" ብሎ ወንበሩን ኮሪደር ላይ፣ ስልኩ አጠገብ አስቀምጧል። ጫማው ከተጠገነ ቆየ። ማታ ኮሪደሩ ይበርዳል። እኔ ስልኩን አላነሳም። ሳይመሽ ደውይ!