ካርድ የተሰቀለበት በር

ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2007 ዓ.ም.
ልደታ

ሆቴላችን፣ ክፍሉን እንዳናጸዳ በሩ ላይ ካርድ ለሚሰቅል እንግዳ ቁርስ በነጻ ይሰጣል። ሚስታቸውን ሊያሳክሙ ከገጠር የመጡት አባባም በየቀኑ ይሰቅሉ ነበር። «አንቺም አትልፊ ልጄ፤ ቁርሱን ለእሷ ነው የምወስድላት» ብለውኛል።

ዛሬ ቁርስ የተሞላው ምሳ ዕቃቸው እስከ ቀትር ኩሽና ተቀምጦ ቀረ። ልቤ አላርፍ አለኝና ካርዱን ከምንም ሳልቆጥር በሩን ከፈትኩ። ወለሉ ላይ ወድቀዋል፤ መናገር አቅቷቸዋል። አምቡላንስ ወሰዳቸው።

ሥራ አስኪያጁ «ካርድ ያለበትን በር ማን ክፈቺ አለሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። እሱስ እንደ ልቡ ይጩህ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሚስትየው እስካሁን በር በሩን እያዩ ይሆናል። የት ሆስፒታል እንደተኙ ግን ማናችንም አባባን ጠይቀናቸው አናውቅም።