እብደት ላይ ያለችው እህቴ

ታኅሣሥ 2

ለመላው የቡራዩና የአካባቢዋ ነዋሪ! በታላቅ ሐዘንና በተሰበረ ልብ የምናሳውቀው ነገር አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ስፈራገጥበት የኖርኩት አልጋ፣ በዛሬው ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሁለት ተከፍሏል። ማስተር ፕላን ወጣበት። ባለቤቷ አልተማከረችም።

ተስፋፊዋ እህቴ ሶያማ ናት። ዩኒቨርሲቲው ስለተረበሸ ተማሪው ወደየቤቱ ሂድ ተባለ። አንድ ሻንጣ ልብስ፣ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ይዛ መጣች። የግድግዳውን በኩል ወሰደች።

"ጠጅቱ፣ ተጠጊ" አለችኝ። ድሮ ቢሆን በቁንጥጫ ነበር የምታስጠጋኝ...

ከታ ጋ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ዋለ። አባታችን፣ አባ፣ ገፈርሳ በኩል ያለውን ማሳችንን ሊያይ ሄዶ መጣ። ማሳው አለ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ይወስደዋል ስለተባለ በየቀኑ ሄዶ መኖሩን ያረጋግጣል።

ታኅሣሥ 4

ሹሩባ ሠራኋት። የአሥረኛ ክፍል ማትሪክ ከጣለኝ ወዲህ ያለኝ ሙያ እሱ ነው... ሹሩባና ሰው ማናደድ። ፀጉሯ እፍኝ እፍኝ ይረግፋል። "ራሰ በራ ሆነሽ ልትመረቂ ነው?" ብላት አልሳቀችም።

ስለ መመረቂያ ጽሑፏ ጠየቅኳት። ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት፣ በፈረንጅ አገር ሴቶች የጻፏቸው ልቦለዶች ናቸው። በልቦለዶቹ ውስጥ ያሉ ሴቶች ለምን እንደሚታመሙ፣ ለምን እንደሚያብዱ... ጥናቱ እሱ ነው።

"በቃ? ሦስት ዓመት የተማርሽው ለዚህ ነው?"

"ዝም ብለሽ ሥሪ።"

ግን ነገረችኝ። አንዷ መማር ትፈልጋለች፤ ትታመማለች። አንዷ የተመረጠላትን አላገባም ትላለች፤ ትታመማለች። ሐኪም ይመጣል። ነርቭ ነው ይላል። መጽሐፍ የለም፣ ብዕር የለም፣ ወተት እየጠጡ መተኛት ብቻ። ከጸሐፊዎቹ አንዳንዶቹ እንዲታተምላቸው ብለው የወንድ ስም ለጥፈዋል አሉ። (ይሄን ደብተር "በኦቦ ጠጄ የተጻፈ" ብዬ፣ አቶ ሆኜ ላሳትመው?)

"ያኔ ስለ ጨዋ ሴት 'ተናደደች' ብለሽ አትጽፊም" አለች። "ስለዚህ 'ታመመች' ብለው ጻፉ።"

እኔ ተናድጄ ታምሜ አላውቅም። የሚታመመው የማናድደው ሰው ነው።

ሴቶቹ ሲከፋቸው ራሳቸውን ይስታሉ። ማታ ዕቃ እጠቢ ስባል እኔም ራሴን ሳትኩ። እናታችን፣ አዮ፣ አንድ ጆግ ውሃ ደፋችብኝ። መድኃኒቱ ወተት ነው ብሎ የነገራት የለም።

ታኅሣሥ 5

እትዬ አረጋሽ ሱቅ ሄድኩ። ከሰሜን መጥተው እዚህ ሲነግዱ ሃያ ዓመታቸው ነው። ዛሬ የሱቁን በር ግማሹን ብቻ ነው የከፈቱት፤ ድንጋይ ከመጣ ቶሎ ለመዝጋት።

"አንቺ ነገረኛ፣ እህትሽ መጣች አሉ? አሁን ምን ላይ ናት?"

ምን ላይ ናት! እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በዓመት አንዴ ነው የሚገኘው።

"እብደት ላይ ናት፣ እትዬ አረጋሽ።"

"ምን?"

"እብደት ላይ። ይኸው ዓመት ሊሞላት ነው።"

"በስመ አብ!" የያዙት ሳሙና ከእጃቸው ወደቀ። "ምን አገኛት?"

"ከመጽሐፍ ነው የጀመራት።"

አንድም ውሸት የለበትም እኮ! የምትሠራው እብደት ላይ ነው፤ ነገሩም የጀመራት ከመጽሐፍ ነው። እስከ ቤት እየሳቅኩ ገባሁ። ነገ ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።

ታኅሣሥ 8

በነጋታው አልሄድኩም። መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ ረሳሁት... ወሬው ግን መንገድ አልተዘጋበትም። ዛሬ ሦስት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መጡ። እትዬ አረጋሽ በአምስት ሊትር ጀሪካን ጠበል ይዘዋል።

"ትበላለች?" አሏት አዮን።

"ትንሽ።"

"ትተኛለች?"

"ሌሊት ተቀምጣ አገኛታለሁ።"

"ብቻዋን ታወራለች?"

"ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አይቻለሁ..."

እያነበበች እኮ ነው! ሶያማ እዚያው፣ ከእነሱ ሁለት ክንድ ርቃ፣ ምስር ትለቅማለች። አንዷም ወደ እሷ አላየችም።

ሲወጡ ተከትዬ ልነግራቸው ነበር። አዮ ግን ቀደመችኝ። "እኔም ጠርጥሬ ነበር" አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለምስሩ። የከፋው ይሄ ነው። ለካ ለቀልዴ ቦታው ቀድሞ ተዘጋጅቶለት ነበር።

ታኅሣሥ 9

መጽሐፎቹ በሙሉ አዮ ሳንዱቅ ውስጥ ተቆለፉ። ጭንቅላቷ ይረፍ ተባለ። ጠዋት አጥሚት፣ ማታ አጥሚት። ጾም ነው፤ ወተት አይሆንማ።

ታኅሣሥ 12

ቁልፉ አዮ አንገት ላይ ነው። የሳንዱቁ ማጠፊያ ግን በስተኋላ ላልቷል። ልጅ ሆኜ ስኳር የማወጣው በዚያ ነበር። አንድ መጽሐፍ አወጣሁ፤ በምትኩ የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂዬን አስገባሁ። ውፍረቱ ልክክ ነው ያለው። አዮ በየቀኑ ሳንዱቁን ታያለች። ባዮሎጂ እንዲህ ተጠብቆ አያውቅም።

ከጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠን ሶያማ እየተረጎመች አነበበችልኝ። አንዲት ሴት አለች። ወንድሟ ቀለሟን ቆለፈባት። እሷ በሻይ ትጽፋለች። ሻዩ ሲደርቅ ቡናማ ፊደል ይቀራል፤ የሚነበበው ወደ ፀሐይ ሲይዙት ብቻ ነው። ሐኪሙ ሲመጣ ወንድሟን ነው የሚጠይቀው። ትተኛለች ወይ? ትቆጣለች ወይ? እሷ እዚያው ክፍል ውስጥ ናት!

"የኛን ቤት ነው እንዴ የጻፈችው?"

ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው።

"ግን ሶያማ... ያቺ የተኛችው፣ አንሶላዋን ማን አጠበላት?"

"ሠራተኛዋ።"

"ሠራተኛዋ ነርቭ የላትም?"

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የመጽሐፉ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፈችው። የእኔን ነገር! "ይሄ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይሆናል" አለች። ማትሪክ የጣላት ጠጅቱ... ምዕራፍ!

ታኅሣሥ 15

ልብስ ልናጥብ ወጣን። ባልዲውን አብረን ስናነሳ እጄን ያዘችኝ፤ ወዲያው እንደሚያቃጥል ነገር ለቀቀችው። አለቀሰች። "ሳሙና ገባብኝ" አለች። ሳሙናው ገና ከወረቀቱ አልወጣም።

እኔ ምን አልኩ? "ጠበሉን ላምጣው?"

መጠየቅ ነበረብኝ። ቀልዱ ቀደመኝ። ለምንድነው ሁልጊዜ የሚቀድመኝ?

ታኅሣሥ 19

ተናዘዝኩ። አዮና አባ ፊት ቆሜ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ። "እብደት ላይ ናት ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ጥናቷን ማለቴ ነበር። ቀልዴን ነው።"

አባ ሳቀ። "አሁን ደግሞ ምን ልትሠሪን ነው?"

አዮ አልሳቀችም። "እህትሽን ልትሸፍኚ ነው። ደግ አደረግሽ።"

አምና በሬው ጠፋ ብዬ አባን እስከ ገፈርሳ ያስሮጥኩት፣ አዮን በሬዲዮ ስምሽ ተጠራ ብዬ ነጠላ ያስለበስኳት... ሁሉም ተሰብስቦ ዛሬ መጣ። እትዬ አረጋሽ ጋም ሄጄ ነገርኳቸው። "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ የቤተሰብ ነገር ያሳፍራል" ብለው ከረሜላ ሰጡኝ። ከረሜላ!

በላሁት። አልጣፈጠኝም።

ታኅሣሥ 25

ከዩኒቨርሲቲው ተደወለ። እስከ ጥር 9 ያልተመለሰ ተማሪ ዓመቱ ተቃጠለበት፤ መመረቅ የለም። አባ "አትሄድም" አላለም። "ቦጂያ መጥቶ ይወስን" አለ። ኦቦ ቦጂያ የአባ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሱሉልታ ነው የሚኖሩት። እሳቸው ትሂድ ካሉ ትሄዳለች። ጠበል ካሉ እስከ ፋሲካ ጠበል ቦታ ትቀመጣለች።

ሶያማ ሁሉንም ሰማች። አጥሚቷን ጠጣች።

ታኅሣሥ 28

ገና። ሶያማ፣ ሦስት ጉርሻ። ቆጠርኩ።

ጥር 1

ኦቦ ቦጂያ መጡ። ጠዋት ወጥተው እዚህ የደረሱት ከሰዓት ነው፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ከመኪና ወርደው ተፈትሸዋል። መጀመሪያ ስለ ማሳው፣ ቀጥሎ ስለታሰሩት የጎረቤት ልጆች አወሩ። ከዚያ በትራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቆሙና ወደ አዮ ዞሩ።

"ማል ታቴ?"

ምን ሆነች ማለታቸው ነው። አዮ ጀመረች። አትተኛም፣ አትበላም፣ መጽሐፍ ነው ያደረጋት... ወደ አባ ዞሩ። "ማል ታቴ?" አባም ያንኑ ደገመው። ሶያማ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ በሩ ጋ ቆማለች።

ያቺ በሻይ የምትጽፈው ሴት ትዝ አለችኝ። ሐኪሙና ወንድሟ...

ደግሞ አንድ ነገር ታየኝ። በአማርኛ እያወሩ ቢሆን አይታየኝም ነበር። በአማርኛ "ምን ሆነች" ሌላ ነው፣ "ምን ሆንሽ" ሌላ ነው። በኦሮምኛ ግን ሁለቱም "ማል ታቴ" ነው! የሚለየው ፊት ወዴት እንደዞረ ብቻ ነው።

"አባባ ቦጂያ" አልኩ።

"አንቺ!" አለ አባ።

"ቀልድ አይደለም። አባባ፣ አሁን ያሉትን ይድገሙት። ቃሉ አይለወጥም። ወደ እሷ ዞረው ብቻ።"

አባ ሊያስወጣኝ ተነሳ። ኦቦ ቦጂያ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። አተኩረው አዩኝ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ከነበትራቸው፣ ወደ በሩ ዞሩ።

"ሶያማ። ማል ታቴ?"

ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጠች።

ግቢው በተረበሸ ቀን ከረምዚያ ጋር ደረጃ ላይ ነበሩ። ረምዚያ የዶርም ጓደኛዋ ናት፣ የጅማ ልጅ። ጭስ ነበር፣ ሩጫ ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር።

"እጇን ለቀቅኩት" አለች ሶያማ። "ተገፍቼ አይደለም። እኔ ነኝ የለቀቅኩት።"

ረምዚያ ወደቀች። ክንዷ ተሰበረ። ቤተሰቦቿ መጥተው ወሰዷት። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም። "ዓይኔን ስጨፍን ደረጃው ይመጣል። የማይመጣው ሳነብ ብቻ ነው።"

አዮ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች።

ኦቦ ቦጂያ ምክር አልጀመሩም። "ሌላስ?" አሉ። ተናገረች። "ሌላስ?" ተናገረች። በመጨረሻ ምን ትፈልጊያለሽ አሏት።

"መጽሐፎቼን። ትምህርቴን። እስከ ግቢው በር ድረስ አብሮኝ የሚሄድ ሰው።"

"ጠበሉስ?" አለች አዮ፣ ቀስ ብላ።

"እሱንም እጠጣለሁ፣ አዮ።"

"ጋሪዳ" አሉ ኦቦ ቦጂያ። ጥሩ ነው ማለት ነው። አባን አዩት። "አንተ ትሸኛታለህ።"

ጥር 2

ሳንዱቁ ተከፈተ። ባዮሎጂዬ ተገኘ። አዮ በማማሰያ ሁለት ጊዜ ዳሰሰችኝ። ሁለተኛው ላይ እየሳቀች ነበር።

ጥር 5

ሬዲዮው ማስተር ፕላኑ ቀርቷል አለ። አባ ዜናውን ሁለት ጊዜ ሰማው። ዘጋው። ተነስቶ ማሳውን ሊያይ ሄደ።

ጥር 8

ሄዱ። ካርቶኑን አባ ተሸከመ። አንዱን መጽሐፍ ገለጥ አድርጎ አየና "ይሄ ሁሉ ስለ ሴቶች ሕመም ነው?" አላት። እሷን ነው የጠየቃት። እስከ ታክሲው ድረስ ስታስረዳው ሰማሁ።

እኔ ምንም ቀልድ አልመጣልኝም። "ሠራተኛዋን እንዳትረሻት" ብቻ አልኳት።

"ምዕራፍ ሦስት" አለች በመስኮት።

ጥር 24

ሶያማ ደወለች። ረምዚያ ተመልሳለች። ጀሶው ወልቆላታል፤ እጇ ግን ገና ብዕር አይጨብጥም። የክፍል ማስታወሻ ሶያማ ናት የምትጽፍላት። "ባትለቂኝ ሁለታችንም ነበር የምንወድቀው" አለቻት አሉ። ሶያማ ግማሹን አመነች። ረቡዕ ረቡዕ ግቢው ክሊኒክ ሄዳ ከአንዲት ባለሙያ ጋር ታወራለች። እንቅልፍስ? "አንዳንድ ቀን" አለች። እውነቷን ነው የነገረችኝ፤ ደስ አለኝ።

እዚህም ትንሽ ነገር ተለውጧል። ዛሬ ደጃፍ ተቀምጬ ዝም ስል አዮ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። "ማል ታቴ?" አለች። ዞሬ አየሁ፤ ከኋላዬ ማንም የለም። ለካ እኔን ነው! አንድ ቀልድ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩትና "ናፈቀችኝ" አልኩ። አዮም አጠገቤ ተቀመጠች። "እኔንም" አለች።

አሁን ሳስበው፣ ይሄ ሁሉ ገጽ የሚጻፍለት ነገር አልነበረም። ያበደ ሰው የለም። ጠበል የሄደ የለም። አንድ ሽማግሌ በርጩማቸው ላይ ትንሽ ዞር አሉ... ሩብ ዙር እንኳን አይሞላም። በቃ፣ የሆነው ይሄው ነው።